የእትዬ ሳሙና ክረምት

ሰኞ 3

ማጣሪያ አለቀ። የመድኃኒት መጋዘኑ ሰውዬ «መንገድ ላይ ነው» ይላል። እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር መንገድ ላይ ነው፤ እዚያው ያረጃል።

ማታ ለእናቴ ስነግራት «ለእሱ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?» አለችኝ። እንዲገባት በመዳፌ ላይ አሳየኋት፤ መዳፍ የማትሞላ ክብ ፕላስቲክ፣ ውስጧ ነጭ ወረቀት መሳይ ነገር ያለባት። ማደንዘዣ ሰጥቼ ካስተኛሁት በኋላ ለበሽተኛው የሚተነፍስለት ማሽን ነው። ያቺ ማጣሪያ በአፉና በማሽኑ ቱቦ መሃል ትቆማለች። የእሱን ጀርም ወደ ማሽኑ፣ የማሽኑን ወደ እሱ አታሳልፍም።

«ዘበኛ ናት በይኛ» አለች። አዎ፣ ዘበኛ።

ለአንድ ሰው አንድ፣ ከዚያ መጣል። ማሸጊያው ላይም እንደዚያ ይላል። ማሸጊያው የተጻፈው ግን ለሞላለት ነው። ዛሬ የተጠቀምኩባቸውን አልጣልኳቸውም። በሳሙና አጠብኳቸው፣ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፣ አለቅልቄ ንጹሕ ፎጣ ላይ መስኮቱ ሥር አሰጣኋቸው። አዲስ መሰሉ። በእኔ የቀዶ ጥገና ክፍል አንድም ሰው ሳይሠራለት አልተመለሰም።

ረቡዕ 5

ክፍል ሁለትን የያዘው ባልደረባዬ ዛሬም በሽተኞቹን መለሰ። ማጣሪያ ከሌለ ማደንዘዣ አልሰጥም አለ። «ሳጥኑ ይደርሳል፣ ያኔ ይሠራላቸዋል።» ሁልጊዜ «ይደርሳል» ስለሚል ስሙም ይደርሳል ሆኖ ቀርቷል። እኔን «እትዬ ሳሙና» ያለኝ ደግሞ እሱ ነው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ አጸደቀለት።

ከመለሳቸው አንዷ ከሌሊት ጀምሮ ምግብ ሳትቀምስ የጠበቀች ሴት ናት። «ነገ ደግሞ ልጹም?» እያለች ወጣች። እሱ ሻዩን ያማስላል።

«አንተ ሰው፣ ለምን አታጥበውም?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ማጣሪያውን ነዋ!»

«ኧረ እትዬ ሳሙና፣ ወረቀት ይታጠባል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ለስንፍናው ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ከሰዓት ደግሞ የተጠቀመበትን መርፌ በሁለት እጁ መልሶ ሲከድን ያዝኩት። የሰው ደም ያለበት መርፌ! ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አትክደን፣ እንዳለ መጣያው ውስጥ ክተተው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

እሑድ 9

የእጄ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። በረኪናው ነው። እናቴ ከራት በኋላ እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ ቅባት ቀባችኝ። እንደ ሕፃን። «አንቺ እኮ ስትወለጂም ታጥበሽ ነው የወጣሽው፤ አዋላጇ ሥራ ፈታ ነው የተመለሰችው» አለች። ደግሞ ቁም ሳጥኑን ከፍታ የደረደርኩትን ሳሙና አይታ «ሱቅ ልንከፍት ነው እንዴ?» ትላለች። እሷ የተናገረችው ነገር ሁሉ ያስቀኛል። ሌላ ሰው ቢለው ግን እቀየማለሁ።

ስትነሳ ቀኝ ጎኗን ይዛ ቆመች። ስቃ ልታሳልፈው ፈለገች። እኔ ግን ሳቁን አውቀዋለሁ። የሐሞት ጠጠር እንዳለባት ከታወቀ ቆይቷል፤ ቀዶ ጥገናውን ስትፈራ ስትሸሽ ነው የከረመችው።

«እማ፣ አሁንስ ይበቃል» አልኳት። «በእኔ ክፍል፣ በእኔ እጅ ነው የምትተኚው። ከእኔ ክፍል የበለጠ ንጹሕ የለም።»

«እሱስ የለም» አለች። «መቼ ልምጣ?»

ለማንም እሺ ያላለችውን ለእኔ እሺ አለች።

ማክሰኞ 11

ባለፈው ሳምንት ቡአ የተሠራለት ሾፌር አተኩሶታል። ያስለዋል። የሳንባ ምች ብለዋል። ሲጋራ ያጨሳል። ሲጋራው ነው።

ዓርብ 14

እንቅርት የወጣላት ዳቦ ጋጋሪም ትኩሳት ያዛት። ምች። እሷ ሲጋራ አታጨስም።

ሰርጀኑ ነው። ማስኩን ከአፍንጫው በታች አድርጎ እያንጎራጎረ ነው የሚሠራው። ዛሬ አላስቻለኝም፤ «ዶክተር፣ አፍንጫዎን ይሸፍኑ» አልኩ በሰው ፊት።

«ሲስተር፣ ታዲያ በምን ልተንፍስ?»

«እንደ እኛ በማስኩ ውስጥ።»

የቀዶ ጥገና ዕቃ የምታቀብለው ስክራብ ነርስ ሳቋን አፈነች። እሱ ሸፈነ፣ ማንጎራጎሩንም ተወ። ትክክል ነበርኩ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ አላለኝም።

ሰኞ 17

ሾፌሩ ሞተ።

ጠዋት ዋርድ ስገባ አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። ማደንዘዣውን ልሰጠው ስል «እህቴ፣ እኔ መሪ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ ዛሬ ለአንቺ ሰጠሁሽ» ብሎኝ ነበር። «በደህና አደርስሃለሁ» አልኩት። አድርሼውማ ነበር። ነቅቶ አመስግኖኛል። ከዚያ በኋላ ያለው የዋርዱ ነው።

ግን ሲታመም ሄጄ አላየሁትም። ደረጃ መውረድ ብቻ ነበር። ሥራ ነበረብኝ፤ ሳጥብ ነበር።

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ጫማውን በፌስታል ይዛ ቆማ ነበር። አላወቀችኝም። ማስክ አድርጌያለሁ። በአጠገቧ አለፍኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ የዋርድ ነርሶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ምች የያዛቸው እኮ ሁሉም ከክፍል አንድ የወጡ ናቸው።»

«ቀስ በይ፣ ከሰማችሽ በረኪና ውስጥ ትዘፈዝፍሻለች።»

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።»

ክፍል አንድ የእኔ ነው። ታዲያ ከየት ይውጡ? ይደርሳል ሰው እየመለሰ የሚሠራው እኔ ጋ ብቻ ነው። የሚሠራ ሰው ዘንድ ስህተት ይታያል፤ የማይሠራ ሰው ምን ይገኝበታል? ይህን ልነግራቸው ይገባ ነበር። ማታ ማታ ነው መልስ የሚመጣልኝ።

ሐሙስ 20

የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊዋ መጣች፤ እኛ ኢንስፔክተሯ ነው የምንላት። ናሙና በምትወስድበት የጥጥ እንጨቷ ያልነካችው የለም፤ የበር እጀታ፣ የወለል መጥረጊያ፣ የሰርጀኑ ነጠላ ጫማ ሳይቀር። ክፍል ሁለት ውስጥ ይደርሳልን ስትቆጣው ሰማሁ፤ ጓንቱን ሳያወልቅ ስልኩን አንስቶ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እኔ ክፍል ስትገባ ዞር ዞር ብላ አየችና «እዚህማ ወለሉ ላይ ቢበላም ይቻላል» አለች። መታጠቢያውን ነክታ፣ የማሽኑን ጎን ነክታ ወጣች። ማጣሪያዎቹ መስኮቱ ሥር ፎጣ ተሸፍነው ነበር። ገልጬ ላሳያት አስቤ ነበር። ቸኩላለች።

አልጠየቀችኝም።

ሰኞ 24

ውጤቱ መጣ። የሾፌሩ አክታ ላይ የነበረው ጀርም በእኔ መታጠቢያ ውስጥ ተገኘ። በእኔ!

ኢንስፔክተሯ ሁላችንንም ሰበሰበችን። «ይሄ ጀርም እርጥበት ነው የሚወደው። ውሃ ባለበት ይራባል። ቀጠን ባለ በረኪናም አይሞትም። የሚደርቀው ሁሉ ይድረቅ» አለች። መታጠቢያው ተፈታ፣ ቱቦው ተቀየረ፣ ሌሎች ዕቃዎችም ተፋቁ። አመሻሹ ላይ ክፍሉን እኔው ራሴ ጥግ ጥጉን ሳይቀር በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩት።

ስትናገር አንድ ነገር በልቤ ሽው ብሎ አለፈ። ማጣሪያዎቹን ወስጄ ብርሃን ላይ አየኋቸው። ነጭ ናቸው። ምንም የለባቸውም። ከዛሬ ጀምሮ በፈላ ውሃ ነው የማለቀልቃቸው፣ ሁለት ጊዜ።

እናቴን ቅዳሜና እሑድ ሕመሙ ሲያገላብጣት አደረ። ሰርጀኑ ከዚህ በላይ አይቆይ ብሏል። ሐሙስ።

ረቡዕ 26

ዛሬ ከይደርሳል ጋር ተጣላሁ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሰርጀኑ በመጀመሪያ «የራስን ሰው ማስተኛት ጥሩ አይደለም፤ ነገ ማደንዘዣውን ባልደረባሽ ይስጣት» አለኝ። ደንብ እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴን ለይደርሳል? እምቢ አልኩ። ሰርጀኑ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ፤ ከማስኩ ነገር ወዲህ ከእኔ ጋር ክርክር አይወድም።

ይደርሳል በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ገባና «እስቲ ሳጥኑ እስኪመጣ ትቆይ፤ በማስታገሻ እንያዛት» አለ። በሕመም ሌት ተቀን ስትገላበጥ አንተ አላየሃት አልኩት። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና አንዲት ማጣሪያ አወጣ። የታሸገች። ማሸጊያዋ ተጨማዷል።

«ሌላ ሆስፒታል ካለ ጓደኛዬ ለምኜ ያመጣኋት ናት። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ለእናትሽ አድርጊላት።»

ኪሱን አውቀዋለሁ። ቁልፍ፣ የተነከሰ ብስኩት፣ የትናንት ጓንት።

«ከአንተ ኪስ የወጣ ነገር እናቴ አፍ ላይ አላደርግም» አልኩት።

«የታሸገ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ደግሞስ የሰው እናት በታጠበ ተኝታ የእኔ እናት በአዲስ? እኔ እንደዚያ አይነት ሰው አይደለሁም።»

«ታዲያ የሰውንም እናት...» ብሎ ጀመረና ተወው። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። እሱን ያለ ሳቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ማጣሪያዋን ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳት። የእናቴን ራሴ መርጬ፣ ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ለብቻዋ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አሰጣኋት።

«እትዬ» ያለኝ ሳሙናውን ትቶ ነው። እሱ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሐሙስ 27

ተሠራላት! ጠጠሮቹ ወጡ። ሰርጀኑ በትንሽ ኩባያ አሳየኝ።

አልጋው ላይ ስትተኛ «ፊትሽን አሳዪኝ» አለችኝ። «አይቻልም እማ፣ ማስክ አይወልቅም» አልኳት። «እሺ፣ ዓይንሽም ይበቃኛል» አለች። መድኃኒቱን ስሰጣት እጄን ይዛ ነበር። ጣቶቿ ቀስ በቀስ ለቀቁኝ። ሺህ ሰው አስተኝቻለሁ፤ እንደ ዛሬ ሆዴ ባብቶ አያውቅም።

ቱቦውን አስገብቼ ማጣሪያዋን ገጥሜ አየር የሚገፋውን ፊኛ ስጨምቀው ከበድ አለኝ። አየሩ በግድ ነው የሚገባው። ማሽኑም አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ተወው። ይደርሳል ከበሩ መስታወት በኩል ያይ ነበር። እንቅልፍ ስለሌለኝ ነው፤ እጄም ቁስል ነው፣ ጉልበት የለውም።

ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው «ጠጠሩን ስጡኝ፣ ቤት እሠራበታለሁ» ነው። ነርሶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ወጥቼ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው።

ቅዳሜ 29

ትንሽ ትኩሳት። ከቀዶ ጥገና በኋላ የተለመደ ነው። ትራሷን ከፍ አደረግሁላት። በደንብ ተንፍሺ እማ፣ ሳይቺ።

እሑድ 30

ሳለች።

አንዴ ነው። ጉሮሮዋን የቱቦው ነገር ፍቆት ይሆናል።

ሁለት ጊዜ።

ማክሰኞ 2

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። ምች ነው፤ በሁለቱም ሳንባዋ። ትንፋሽ አጠራት፣ ከንፈሯ ጠቆረ። እንደገና ቱቦ ሊገባላት ግድ ሆነ።

እኔ ላስገባ ተነሳሁ። ቱቦውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ይደርሳል በር ላይ ነበር፤ ማን እንደጠራው አላውቅም። ሳልነግረው እጁን ታጠበ፣ በደንብ፣ እስከ ክርኑ። ማስኩን አጠበቀ፣ መነጽሩን አደረገ፣ አዲስ ጓንት አጠለቀ። ሁሉንም እንደ ደንቡ። እኔ የግድግዳውን ጥግ ይዤ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ በፊት እናቴ በዓይኗ ጠራችኝ። ጎንበስ አልኩ። እጄን ይዛ ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ዛሬም ታጥበሻል» አለች። በየቃሉ መሃል ትተነፍሳለች። «ቅባቱ... ትራስጌዬ ነው ያለው። ተቀቢ።»

«እሺ እማ።»

«እቺ እጅ... ትንሽ ትረፍ።»

ከዚያ ይደርሳል አስተኛት። ቱቦው ላይ የገጠማት ማጣሪያ አዲስ ነበረች። ከየት እንዳመጣት አልጠየቅኩም። ፊኛውን ሲጨምቅ እጁን አየሁ። ቀላል ነበር።

ምንም አላለኝም። ቢለኝ ምን ነበረበት? ቢሰድበኝ። «ነግሬሽ ነበር» ብቻ ቢለኝ። አጠገቤ ተቀምጦ አደረ፤ አንዴ ውሃ አመጣልኝ፣ ሌላ ጊዜ ጋቢ። ጠጣሁ፣ ለበስኩ።

ዓርብ 5

እናቴ አረፈች።

ሐሙስ 11

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ያለሽን ሁሉ አድርገሽላታል» ይለኛል። እውነት ነው። አድርጌላታለሁ።

ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ማጠቢያ ሳፋውን፣ ፎጣውን፣ እንዲደርቁ የተሰጡትን ማጣሪያዎች በሙሉ ተሸክሜ ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባትና ተቀመጠች።

አንዷን በምላጭ ሰነጠቀቻት። ከላይ እንደነበረች ነጭ ናት። ውስጧ እርጥብ ነበር። ከታጠበች ስንት ቀኗ ነው፣ ውስጧ እርጥብ ነበር። ጠረኑ መጣ፤ ከረጢት ውስጥ ተረስቶ የከረመ ጨርቅ አይነት።

«ውሃ ከነካት እኮ አታጣራም» አለች ቀስ ብላ። «ማነው እጠቢ ያለሽ?»

«ማንም።»

«ለምን ታዲያ አልነገርሽኝም?»

ቸኩለሽ ነበር ልላት ነበር። አላልኩም። ፎጣውን ሁለት ጣት ያህል ገለጥ ማድረግ ነበር። ገለጥ ማድረግ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ድናለች፤ ቤቷ ገብታለች አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ሾፌሩን አላነሳችም። እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ በየመኪናው መሪ ላይ እሱ ተቀምጦ ነበር። «በደህና አደርስሃለሁ» ብዬዋለሁ። የሚስቱን ቤት አጠያይቄ መሄድ አለብኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ ማስኬን አውልቄ ግን ነው የምሄደው።

ቅዳሜ 20

ሳጥኑ ደረሰ። ይደርሳል ደውሎ ነገረኝ። «ይደርሳል» አላለም፤ «መጣ» ነው ያለው። ከዚያ «ክፍል አንድን እየያዝኩልሽ ነው፤ ስትመለሺ አብረን እንሠራለን፣ እትዬ» አለኝ። እሺ አልኩት። መመለስና አለመመለሴን የሚወስነው እሱ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም፤ ጉዳዩን ገና እያዩት ነው። ያቺ ማጣሪያ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ እንዳለች ልነግረው ፈልጌ ነበር። እንደታሸገች።

አክስቴ ለቅሶ እንደመጣች አልሄደችም። ዛሬ የእናቴን ቁም ሳጥን ከፍታ ልብሶቿን አወጣች፤ ለሚፈልግ ይሰጥ ብላ። ሹራቧን፣ የቤት ቀሚሷን፣ ሆስፒታል ስትገባ ያሰረችውን ሻሽ አልጋው ላይ ከመረቻቸው። ሻሹን አንስቼ አሸተትኩት። የጸጉሯና የዚያ የእጅ ቅባት ሽታ አለው። ቅባቱን በየማታው እቀባለሁ። ስንጥቁ እየዳነ ነው፤ ለምን እንደሚድን እንጃ።

«እንዲህ እንዳለ ለሰው አይሰጥም» አለች አክስቴ፤ ውሃውን ሳፋ ላይ ከፍታ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ልጠብና ላስጣው። ሳሙና ወዲህ በይኝ።»

ሳሙናዬን የደረደርኩበትን ቁም ሳጥን በጀርባዬ ተደግፌ ዘጋሁት።

«ቤት ውስጥ ሳሙና የለም» አልኳት።